ዥዋዥዌውና እህቴ አንጓች

ባለፈው ጥቅምት ነው። የልጄ ባል ጌታቸው ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ አርብ ገበያ ከተማ ሁለት ቀን ሰንብቶ ሲመለስ፣ እሱ ገና የግቢውን በር ሳያልፍ ሽታው ቀድሞት ገባ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሰፌዱን ከጭኔ ላይ አውርጄ አስቀመጥኩት። ቅቤ የጠጣ የላም ቆዳ ሽታ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀው፣ ትንሽ የሚከረፋ፣ ትንሽ ደግሞ ደስ የሚል። ከዚህ ሽታ ስሸሽ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ገበያ ስወጣ እንኳ መጫኛ የሚሸጡትን ሰዎች ረድፍ ዞሬ ነው የማልፈው። መጫኛ አህያና በቅሎ የሚጫንበት፣ ከከብት ቆዳ ተተልትሎ፣ ተገምዶ፣ በቅቤ ታሽቶ የሚለሰልስ ጠፍር ነው። ጌታቸው አዲስ መጫኛ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ እየሳቀ ፊቴ ቆመ።

«እማዬ፣ ለልጆቹ ምን እንዳመጣሁ ይዩልኝ!»

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ለዥዋዥዌ ነዋ! ናሆም ሲነዘንዘኝ አልከረመም? ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አሥርላቸዋለሁ። ናይሎን ገመድ እጅ ይቆርጣል፤ ይሄ ለስላሳ ነው። ደግሞ የአባቶቻችን ነው። እስቲ ያሽትቱት።»

ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። ተነሥቼ ግድግዳውን ያዝኩ። «ይሄንን ከቤቴ አውጣልኝ» አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ጌታቸው ጥሩ ሰው ነው፤ አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው መጫኛውን ይዞ ወጣ፣ ለጎረቤታችን ለአህያ ባለቤቱ ሰጠው። ያን ዕለት ናሆም አለቀሰ፤ ታናሽ እህቱ ሶልያናም ወንድሟ ስላለቀሰ አለቀሰች። ልጄ ትዕግሥት «እማዬ፣ ዥዋዥዌ ብቻ እኮ ነው» አለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ልጆቹን ጠርቼ «እኔ አሠራላችኋለሁ፤ የምታምረውን ሳይሆን የማትበጠሰዋን ነው» አልኳቸው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ ሥራዬ ግማሹ ፊደል ማስቆጠር፣ ግማሹ ልጅ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነበር። ከተማዋን እንኳ ሳያት በልጅነቴ የማውቃት አትመስለኝም። አሁን የደብረ ታቦር አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ያኔ ከብት የሚውልበት ሜዳ ነበር። ሞባይል የሚሸጡበት ማዕዘን ላይ የአንድ ልብስ ሰፊ ጠባብ ቤት ነበረች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እኛ ያኔ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ገጠር ነበር የምንኖረው። አባቴ ለዓመት በዓል አንድ ጊዜ እኔንና እህቴን እዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ አቡጀዲ ቀሚስ አሰፋልን፤ ወገቡ ላይ ቀይ ጨርቅ የዞረበት። ስንመለስ በአሥር ሳንቲም እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ተገዛልን። አንጓች ከረሜላውን ሳትበላ አገር ቤት ድረስ ይዛ ሄዳ ለእናቴ ሰጠቻት። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ ትልልቆቹ ስለ መንግሥት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ጊዜ ነበር ብዬ ልለፈው።

አንጓች ታላቄ ናት፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ «የሺዬ» ትለኛለች። ወንዝ ሲሞላ ጀርባዋ ላይ አዝላ ታሻግረኛለች። ሳቋ ከማሳ ማዶ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ግን የእናቴ ልጅ ነበረች፤ እናቴን አቅፋ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። እናቴ ወደ ገበያ ስትሄድ መንገዱ እስኪታጠፍ ትሸኛታለች፣ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። እኔ በዚህ ነገር እቀና ነበር። አሁን ሳስበው ቅናቴ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ።

ከቤታችን ጓሮ ትልቅ ዋንዛ ነበር። አንደኛው ቅርንጫፉ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ማሳ ያዘነብላል፤ ከሥሩ አፈር እንዳይሄድ አባቴ የካበው የድንጋይ ካብ አለ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ አባቴ ትርፍ መጫኛውን አመጣና በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ዥዋዥዌ አሠረልን። መቀመጫው የታጠፈ የበግ አጎዛ ነው። የመንደሩ ልጆች በሙሉ ጓሯችን ገቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ የዘፈኑ ርዝመት ያህል ተራ ይሰጠዋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ይወርዳል። ዘፈኑን ያወጣችው አንጓች ናት፦

ሂጂ ሂጂ፣ ደርሰሽ ነይ፣
ደመናውን ነክተሽ ነይ፣
አገር አይተሽ፣ ሰው አይተሽ፣
እናትሽን ሳትረሺ ነይ።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ከልክላን ነበር። ቀትር ላይ ዛፍ ሥር እንዳንሄድ። በእኛ አገር ቀትር ይፈራል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ወፉም ዝም ሲል፣ ያ ሰዓት የሰው አይደለም ይባላል። እኛም በዚያ ሰዓት ቤት ገብተን ከበሩ ላይ ሆነን ጓሮውን እናይ ነበር። አንድ ቀን ዥዋዥዌው ሲሄድና ሲመጣ አየነው። ነፋስ አልነበረም፤ ከካቡ በታች ያለው ገብስ አንዷ ዘለላ እንኳ አልተነቃነቀችም። አጎዛው ሰው እንደተቀመጠበት መሐሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቅርንጫፉም ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። አንጓች ግን ከበሩ አንገቷን አውጥታ «እንደምን ዋልሽ!» ብላ ጮኸች፣ ሳቀችም። እናቴ አፏን በእጇ ያዘቻትና በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ በሩ ተዘግቶ ይውላል፤ የቅርንጫፉ ድምፅ ግን አንዳንድ ቀን ይሰማን ነበር።

አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልናገር። ጠፍሩ አንድ ቀን ተጠማዘዘና ልፈታው ዛፉ ላይ ወጣሁ። ቅርንጫፉ ላይ በሚፋተግበት ቦታ ጠፍሩ ተበልቷል። ግማሹ አልቆ፣ የቀረው ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ ፈትል ተበታትኗል። በጣቴ ነካሁት። ለአባቴ መንገር እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ግን ብነግረው ወዲያው ያወርደዋል፤ ሌላ መጫኛ ደግሞ የለም፤ ልጆቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዛሬ ልዋልበት፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግሥቱም እንዲሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን እናትና አባቴ ማኅበር ሊጠጡ ማዶ ሄዱ። ምሳ ለሁለታችን ተቀምጦልናል፤ በሩን ዘግተን እንድንውል ተነግሮናል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። አንጓች በሩን ከፈተችው። «ነይ፣ ማንም የለም፤ ሙሉ ቀን የእኛ ነው» አለችኝ። «ቀትር ነው እኮ እታለም» አልኳት። «እንግዲያ አንቺ ትገፊኛለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ፤ ምንም ቢመጣ የሚይዘው እኔን ነው» ብላ ሳቀች። አጎዛው ላይ ተቀመጠች። ያቺን ቀይ ጨርቅ የዞረባትን አቡጀዲ ቀሚስ ለብሳለች። ገፋኋት። «ከፍ አድርጊኝ!» አለች። ገፋኋት። ከካቡ በላይ ወጥታ ተመለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ በሁለት እጄ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋኋት፣ እጄንም ዘርግቼ ስትመለስ ልቀበላት ቆምኩ። ምንም አልተመለሰም። የመበጠስ ድምፅ አልሰማሁም፣ ጩኸትም አልሰማሁም። ቀና ስል በቅርንጫፉ ላይ የቀረው የጠፍሩ ቁራጭ ብቻውን ሲሄድና ሲመጣ አየሁት፤ ባዶ ጠፍር እንዲያ አይሄድም። ክብደት እንዳለበት ሁሉ፣ በዚያው በመጠኑ፣ እኔ ወደ ካቡ እስክወርድ ድረስ ሲወዛወዝ ነበር።

ከካቡ ሥር ተኝታለች። ከጆሮዋ ጥቂት ደም ፈስሷል፤ ሌላ ምንም የለባትም። ዓይኗ ተከድኗል። ጮህኩ። ሰዎች ደረሱ፣ አባቴ ከማዶ እየሮጠ መጣ፣ በቃሬዛ ቤት አስገቧት። ወጌሻ መጥቶ አጥንቷ ደኅና ነው አለ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አልነቃችም። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ አንዲት ጉርሻ ሳትቀምስ ከንፈሯን በጥጥ ውሃ ታረጥብላት ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተሸጉጬ «ከነቃች እናገራለሁ» ብዬ ለእግዚአብሔር ተሳልኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ጣራውን አየች፣ ምሰሶውን አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች። እናቴ «ልጄ!» ብላ ወደቀችባት። አንጓች ግን ሰውነቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ አፍራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እመይቴ፣ ውሃ ያጠጡኛል?»

እናቴ ሳቀች። ልጅ የገዛ እናቷን አንቱ ስትል ሰምታ አታውቅማ። «አንቺ ውሻ፣ ገና ዓይንሽን ሳትገልጪ ትቀልጃለሽ!» እያለች ውሃ በዋንጫ አቀረበችላት። አንጓች በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ ፈገግ ብላ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ የእናቴ ሳቅ ቆመ።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ «እናቴ መቼ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «ይኸው አለሁልሽ» ብትላት፣ አንጓች ሰውን ላለማስቀየም እንደሚደረገው «እሺ» አለች። እንጀራ ሲቀርብላት ካልተጋበዘች እጇን አትሰድም። በስሟ ስትጠራ በመጀመሪያው ጥሪ አትዞርም፤ በሁለተኛው ነው የምትዞረው፣ እንዲያ ተብላ እንደምትጠራ ድንገት ትዝ እንዳላት ሰው። መቀነቷን ትቋጥር የነበረው በቀኝ ነው፤ አሁን በግራ ሆነ። ውሻችን ሳምንት ሙሉ ሲያጉረመርምባት ሰነበተና ተወ። አትስቅም፣ አትዘፍንም። ግን ደግሞ እንደ እሷ ታዛዥ፣ እንደ እሷ ጨዋ ልጅ አልነበረም። ሳትጠየቅ ውሃ ትቀዳለች፣ ጥጃ ትጠብቃለች፣ ለእኔ ፀጉሬን ትሠራልኛለች። ቀትር ሲሆን ብቻ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሄዳ ትቆማለች። የእናቴን መምጫ ሳይሆን ሌላኛውን አቅጣጫ እያየች።

አባቴ ዥዋዥዌው የታሠረበትን ቅርንጫፍ ቆረጠው። ጠበል ተወሰደች፣ አልተለወጠችም። በመጨረሻም ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩት የእናቴ አጎት፣ የኔታ የምንላቸው፣ ከጋይንት ድረስ መጡ። ከአንጓች ጋር ብቻቸውን ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጡ እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «የኔታ፣ ትድንልኛለች በሉኝ።» እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «አትቆጫት። የሚበላ የሚጠጣውን አታጓድይባት። ጥሩ ልጅ ናት» አሏት። ሰው ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። እናቴ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

እኔም ስእለቴን አልፈጸምኩም። ለማን ልናገረው? ይቅር የምትለኝ እህቴ አላወቀችኝም።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ጭንቅላት ሲጎዳ ሰው የቤተሰቡን ፊት ሊለይ የማይችልበት፣ የገዛ ራሱ ሕይወት እንግዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ። ብቻ ሐኪሙ እህቴ ስታገባ አላየም። ስማዳ ለሚኖር ደግ ገበሬ ተዳረች። ሙሽሮች ከመውጣታቸው በፊት የወላጅ ጉልበት ይሳማል። ሌሎች ሙሽሮች ያለቅሳሉ። አንጓች እናቴ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብላ ሳመችና «እመይቴ፣ ስላሳደሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻት። ስላሳደሩኝ! ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የለመነ መንገደኛ ጠዋት ሲነሣ የሚለው ቃል ነው። እናቴ ተቀምጣ በነበረችበት ቀረች፤ ሙሽራው በቅሎ ላይ ሲወጣ እንኳ አልተነሣችም። እናቴ ስትሞትም አንጓች ከስማዳ መጣች፣ አለቀሰች፤ የተቀመጠችው ግን ከእኛ ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ከሩቅ መንደር ለቅሶ ከደረሱት ሴቶች ጋር ነው። ማንም ወደዚህ ነይ አላላትም። ለምደናል።

እንግዲህ ጌታቸው ያን መጫኛ አፍንጫዬ ሥር ሲያቀርብልኝ የመጣብኝ ይህ ሁሉ ነው። ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁና ብየዳም አናጢነትም የሚያውቀውን ደሴን አስጠራሁት። ባሕር ዛፉን አሳየኝ፤ «ይህ ቅርንጫፍ ይበቃል» አለ። «ዛፍ አልፈልግም» አልኩት። ዛፍ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ከውጭ አይታይም። አምስት የብረት ቧንቧ አስመጣሁ፤ አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ድንኳን እግር ተከፍተው እንዲቆሙ፣ አምስተኛው ከላይ አግዳሚ ሆኖ እንዲበየድ። ጉድጓዱ ከጉልበቴ በላይ እንዲጠልቅ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ እንዲሞላ፣ ሲሚንቶው ሳምንት ሙሉ ሳይነካ እንዲደርቅ። በገመድ ፈንታ ሰንሰለት፤ ሰንሰለቱ የልጅ ጣት እንዳይቆነጥጥ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የውሃ መስመር ጎማ እንዲለብስ። መቀመጫው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ሰፋ ብሎ፤ እንጨት ከሆነ ጭንቅላት ይፈልጣልና። ከፊትና ከኋላ አጥሩ ድረስ ስምንት ስምንት እርምጃ ባዶ ቦታ በራሴ እግር ለካሁ። ከሥሩ ያለው ጠጠር በሙሉ ተለቅሞ የወንዝ አሸዋ፣ እጅ ሲያስገቡበት አንጓ እስኪደርስ ድረስ ተነሰነሰ።

ደሴ ላቡን እየጠረገ «እትዬ የሺ፣ ዝሆን ሊወዛወዝበት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዝሆንማ ቢወድቅ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ልጅ ነው የሚወድቀው።»

ፊቴን አየት አደረገና መሳቁን ተወ። «እንግዲያ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ እበይደዋለሁ» አለ፣ አደረገውም። ሲያልቅ አንድ ኩንታል ገብስ መቀመጫው ላይ አስጭኜ ለሦስት ቀን አቆየሁት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ዙሪያውን እየዞሩ «አሁንስ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላቸዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የምጠብቀው ብየዳው እንዳይለቅ ብቻ አልነበረም። ሦስቱንም ቀን በቀትር ወንበር አውጥቼ ከጓሮው በር ላይ ተቀምጬ ጆንያውን አየሁት። ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ዶሮዎቹ ዝም ይላሉ፣ ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የማይሰማበት ጊዜ ይመጣል። ጆንያው አልተነቃነቀም። በአራተኛው ቀን ልጆቹን አስቀመጥኳቸው። ሶልያና ስትስቅ ድምፅዋ ጎረቤት ተሰማ። እኔ ከኋላ ቆሜ አልገፋሁም፤ አባታቸው ገፋቸው።

ኅዳር ገብቶ አንጓች ከስማዳ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለዓይኗ መድኃኒት ትመጣለች፤ በአውቶቡስ፣ የሽምብራ እሸት በፌስታል ይዛ። ሁልጊዜም ከበሩ ውጭ ቆማ «ቤቶች፣ ቤት ለእንግዳ!» ትላለች። እኔም ወጥቼ «ግቢ እታለም፣ ምን ያስቆምሻል» እላታለሁ። እኔ ታናሿ ነኝ፤ እሷ ግን እትዬ የሺ ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም «አክስቴ» ሲሏት ትስማቸዋለች፣ የራሷ ሰባት የልጅ ልጆች አሏት፤ ለእነሱ እናት ሆና አያት ሆና ኖራለች። እንግድነቷ ለእኛ ቤት ብቻ ነው።

በመጣች በማግሥቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ትዕግሥትና ጌታቸው ሥራ ናቸው። ምሳ አቀርባለሁ ብዬ ብፈልጋት ቤት ውስጥ የለችም። የጓሮው በር ተከፍቷል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አንጓች ነጠላዋን አገልድማ ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯን አሸዋው ላይ አድርጋ፣ ሁለቱን ሰንሰለት ይዛ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ናት። ፊቷ ግን በዚያ ብርሃን ምንም መስመር አልታየበትም።

«እታለም፣ ቀትር ነው፤ ግቢ» አልኳት።

«እዚህ ደግ ነው፣ እትዬ የሺ። ጥሩ አድርገው አሠርተውታል።»

አጠገቧ ደረስኩ። ሰንሰለቱን ያዝኩና አስቆምኩት። አሁን ካልተናገርኩ እንደማልናገር አወቅሁ፤ እኔም አርጅቻለሁ፣ እሷም አርጅታለች።

«አንጓች፣ ጠፍሩ መበላቱን አይቼ ነበር። ከመውደቅሽ ከሁለት ቀን በፊት አይቼዋለሁ። ብናገር አባቴ ያወርደዋል ብዬ ዝም አልኩ። እያወቅሁ ነው የገፋሁሽ።» ሌላም ብዙ ለማለት አስቤ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ያ ብቻ ወጣ።

አንጓች ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ? ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ልጅቷ ነገረችኝ።»

«የቷ ልጅ?»

«የእመይቴ ልጅ ናታ። አንጓች።» የራሷን ስም እንደ ሌላ ሰው ስም ጠራችው። «አንቱን አልተቀየመችም። ‹እኔም አይቼው ነበር› ብላኛለች። ከአንቱ በፊት ነው ያየችው። አባቴ ያወርደዋል ብላ ዝም አለች። ‹የሺ እንዳታለቅስ ንገሪልኝ› ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያዘገየሁት። አንቱ አንስተውት አያውቁም፣ እኔም እንግዳ ሆኜ በሰው ቤት ነገር ማንሣት አፈርኩ።»

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሐኪም አጠገቤ ቢሆን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ የተረሳው ትዝታ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ መጣ ይለኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ የሰማሁት እህቴ የላከችልኝን መልእክት ነው። ስንት ዓመት በመንገድ ላይ የቆየ። ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ። አንጓችም አንድ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አኖረች።

«መቼ ነው የነገረችሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«በመጣሁ ዕለት። እሷ ስትወጣ እኔ ስገባ፣ በር ላይ ተገናኝተን። ቸኩላ ነበር።»

ወዴት ስትሄድ እንደነበር አልጠየቅኋትም። የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው። ያቺ ሴት እናቴ ቤት ውሃ ከለመነችበት ረፋድ ጀምሮ ውሃ ስትቀዳልን፣ ፀጉሬን ስትሠራልኝ፣ እናቴን ስትቀብር፣ አንዳችንም፣ አንድም ቀን ያልጠየቅናት ነገር ነበር። ከአሸዋው ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ለእንግዳ እንደሚገባው ዝቅ አልኩና፣

«እመቤቴ፣ አንቱስ ማን ይባላሉ?» አልኳት።

ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። የእህቴ ሳቅ አልነበረም። ሰንሰለቱን ለቀቀች፣ እጄን ያዘች፣ ስሟንም ነገረችኝ።